ታላቁ የፊልም አዘጋጅ ማን ነው? የደረጃ ክርክርና የጅቡቲ ከተማ ምስክርነት

በማናቸውም ጥበብ ዘንድ «ከሁሉ የሚበልጠው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ያልተነሣበት ዘመን የለም። የቅኔ ተማሮች ዋድላን፣ ጎንጅንና ዋሸራን እያነጻጸሩ፣ እያንዳንዱ የመምህሩን ቤት ከፍ እያደረገ ሲከራከር ኖሯል። ይህ ክርክር ብዙ ትውልድ አልፎበት ፍጻሜ ባያገኝም፣ ከንቱ ነበር ሊባል አይቻልም። ተማሪው አንዱን ቤት ከሌላው ለማስበለጥ ሲል የሁለቱንም መንገድ ጠንቅቆ ማወቅ ግድ ይሆንበታልና፣ የሙግቱ ትርፍ ፍርዱ ሳይሆን ዕውቀቱ ነው።

የሲኒማ ጥበብ ከቅኔና ከሥዕል ጋር ሲመዛዘን ገና ልጅ ነው። የሉሚዬር ወንድማማቾች በፓሪስ ከተማ ገንዘብ ከፍሎ ለገባ ሕዝብ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ያሳዩት በ1895 መጨረሻ ላይ ነበር፤ ይህም ሆነ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ነገር ግን በዚህ አጭር ዕድሜ ውስጥ የደረጃው ክርክር በሌሎቹ ጥበባት ከታየው ይልቅ የበረታ ሆኗል። ክርክሩም ከለንደንና ከፓሪስ ተነሥቶ፣ ብዙ ሰው ባላሰበው መንገድ፣ በቀይ ባሕር መግቢያ ላይ እስከምትገኘው እስከ ጅቡቲ ከተማ ደርሷል። በዚህች ከተማና በአካባቢዋ የተሠሩ ጥቂት ፊልሞችን ከዓለም ሚዛን ጋር አስተያይቶ መመልከት፣ ሚዛኑ ራሱ ምን ያህል የታመነ እንደ ሆነ ለመመርመር ይረዳል።

አስቀድሞ ግን የፊልም አዘጋጅ ወይም ዲሬክተር የሚባለው ሰው ሥራ ምን እንደ ሆነ ማስታወስ ይገባል። አዘጋጁ ካሜራው በየት በኩል ቆሞ እንዲያይ፣ ተዋናዩ እንዴት እንዲራመድና እንዲናገር፣ የትኛው ትርኢት ከየትኛው ቀጥሎ እንዲመጣ የሚወስን ሰው ነው። ብዙ ጊዜ ድርሰቱን የጻፈው ሌላ ነው፤ ካሜራውን የያዘው ሌላ ነው፤ ፊልሙን ቆርጦ የሚያጋጥመውም ሌላ ነው። ስለዚህ አንድን ደራሲ ከሌላ ደራሲ ጋር እንደ ማነጻጸር ሳይሆን፣ አንድን የጦር አለቃ ከሌላው ጋር እንደ ማነጻጸር ያለ ነገር ነው፤ የድሉ ባለቤት አለቃው ነው ወይስ ሠራዊቱ የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይከተለዋል።

በእንግሊዝ አገር የሚታተመው «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» የተባለው መጽሔት በ1952 ሐያስያንን ሰብስቦ፣ ከተሠሩት ፊልሞች ሁሉ የሚበልጡትን ዐሥር እንዲመርጡ ጠየቀ። መልስ የሰጡት 63 ሰዎች ሲሆኑ፣ አንደኛ ሆኖ የተገኘው ኢጣልያዊው ቪቶሪዮ ዴ ሲካ በ1948 ያዘጋጁት «የብስክሌት ሌቦች» ነበር። ይህ ፊልም ከመጣ ገና አራት ዓመቱ ነበር። ስለ ድሀ ሰው ኑሮ የሚናገረው የኢጣልያ ፊልም፣ ከጦርነቱ በኋላ የነበረውን ዓለም ልብ የነካበት ጊዜ ስለ ነበረ፣ ዳኞቹም የዘመናቸውን ስሜት ተከተሉ። በ1958 በብሩሴል የዓለም ኤግዚቢሽን በተደረገው ምርጫ ግን አንደኝነቱ ወደ መስኮብ አገር ሄዶ፣ ሰርጌይ አይዘንስታይን በ1925 ላዘጋጁት «የጦር መርከብ ፖተምኪን» ተሰጠ።

ከዚያም ወዲህ ያለው ታሪክ የበለጠ ያስገርማል። መጽሔቱ ምርጫውን በየዐሥር ዓመቱ ሲደግም፣ በ1962 አንደኛ የሆነው አሜሪካዊው ኦርሰን ዌልስ በ25 ዓመት ዕድሜያቸው የሠሩት «ሲቲዝን ኬን» ነበር። ይኸው ፊልም በ1972፣ በ1982፣ በ1992ና በ2002 ዙፋኑን ሳይለቅ ቆየ። በ1941 ለሕዝብ የታየ ፊልም ስለ ሆነ፣ በ1952ቱ ምርጫ ጊዜ ዳኞቹ አላወቁትም ሊባል አይችልም፤ ሆኖም በዚያን ጊዜ ከዐሥሮቹ መካከል እንኳ አልገባም ነበር። «የብስክሌት ሌቦች» ደግሞ በ1972 ከዐሥሮቹ ወጣ። የአልፍሬድ ሂችኮክ «ቨርቲጎ» በ1958 ቢወጣም፣ ከዐሥሮቹ ተርታ የተቈጠረው አዘጋጁ በ1980 ከሞቱ በኋላ፣ በ1982 ነው፤ በ2012 ግን «ሲቲዝን ኬን»ን አስለቅቆ አንደኛ ሆነ። በመጨረሻም በ2022 አንደኝነቱን ያገኘው የቤልጅጓ ተወላጅ ሻንታል አከርማን በ1975 ያዘጋጁት «ዣን ዲልማን» ሲሆን፣ በሴት አዘጋጅ የተሠራ ፊልም በዚህ ምርጫ አንደኛ ሲሆን ያ የመጀመሪያው ነበር።

እንግዲህ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ሊል ይገባዋል። ፊልም እንደ ሰው አያድግም፤ አንድ ጊዜ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ በውስጡ ያለው ሥዕል አይለወጥም። ደረጃው ከፍና ዝቅ ያለው ዳኞቹ ስለ ተለወጡ ነው። በ1952 63 የነበሩት መራጮች በ2012 846፣ በ2022 ደግሞ 1639 ሆነዋል። ከቁጥራቸው ጋር አገራቸው፣ ዕድሜያቸውና ያዩት የፊልም ዓይነት ሰፍቷል። እንዲያውም ሐያስያኑ «ዣን ዲልማን»ን በመረጡበት በዚያው በ2022፣ ለብቻቸው ድምፅ የሰጡት የፊልም አዘጋጆች የመረጡት የስታንሊ ኩብሪክን «2001» የተባለውን የጠፈር ጉዞ ፊልም ነው። አንድ መጽሔት በአንድ ዓመት ሁለት ጉባኤ ቢጠይቅ፣ ሁለት አንደኛ አገኘ ማለት ነው።

ከፊልሙ ይልቅ አዘጋጁን የመመዘን ልማድ የተጠናከረው በፈረንሳይ ነው። በ1951 የተቋቋመው «ካዬ ዱ ሲኔማ» የተባለው መጽሔት፣ ኋላ ራሳቸው አዘጋጆች የሆኑ ወጣት ጸሐፊዎችን ሰበሰበ። ከእነዚህም አንዱ ፍራንስዋ ትሩፎ በ1954 በጻፉት ጽሑፍ፣ የፈረንሳይ ሲኒማ የጽሕፈት ሰዎች ጥገኛ ሆኗል ብለው አጥብቀው ነቀፉ። የዚህ ወገን አሳብ በአጭሩ ሲነገር፣ እውነተኛ አዘጋጅ ማለት ደራሲ በብዕሩ እንደሚጽፍ በካሜራ የሚጽፍ፣ በሠራቸው ፊልሞች ሁሉ የራሱ ማኅተም የሚታይበት ሰው ነው የሚል ነው።

ይህን አሳብ አንድሩ ሳሪስ ወደ አሜሪካ ወስደው፣ በ1968 ባሳተሙት መጽሐፍ በአሜሪካ የሠሩትን አዘጋጆች በደረጃ በደረጃ ከፋፈሏቸው። በላይኛው ማዕርግ ያስቀመጧቸው 14 ብቻ ነበሩ፤ ቻርሊ ቻፕሊን፣ ጆን ፎርድ፣ ሂችኮክና ዌልስ ከእነዚሁ መካከል ናቸው። ቢሊ ዋይልደርን ግን ዝቅ አድርገው አስቀምጠዋቸው ነበር፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ ፍርዳቸውን ለውጠው ወደ ላይኛው ማዕርግ አወጧቸው። ፖሊን ኬል የተባሉት ሐያሲት ደግሞ ገና በ1963 የሳሪስን አሳብ ተቃውመው ጻፉ፤ በ1971ም «ሲቲዝን ኬን» የዌልስ ብቻ አይደለም፣ ድርሰቱ የኸርማን ማንኪዊትዝ ነው ብለው ተከራከሩ። ኋላ የድርሰቱን ልዩ ልዩ ረቂቆች የመረመሩ ሊቃውንት የዌልስ ድርሻ ኬል ካሉት ከፍ ያለ መሆኑን አስረድተዋል። ሆኖም የክርክሩ ፍሬ ነገር አልጠፋም፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ ፊልምም ብዙ ሰው ተሸክሞት የሚያምር ሥራ ነው።

ይህ ሁሉ በጅቡቲ ከተማ ላይ እንዴት እንደሚታይ እንመልከት። በ1999 በቬኒስ የፊልም በዓል የታየው «ቦ ትራቫይ»፣ ትርጓሜውም «መልካም ሥራ» ማለት የሆነው ፊልም፣ የተሠራው በጅቡቲ ነው። አዘጋጇ ክሌር ደኒ በ1946 በፓሪስ ቢወለዱም፣ አባታቸው የቅኝ ግዛት ሹም ስለ ነበሩ ልጅነታቸውን ያሳለፉት በልዩ ልዩ የአፍሪቃ አገሮች ነው፤ ከነዚህም አንዷ ያን ጊዜ በፈረንሳይ እጅ የነበረችው ጅቡቲ ናት። የፊልሙ አሳብ መነሻ ኸርማን ሜልቪል ሲሞቱ ሳይታተም የቀረውና በ1924 የወጣው «ቢሊ በድ» የተባለው የመርከበኞች ታሪክ ነው። ክሌር ደኒ ግን ታሪኩን ከመርከብ አውርደው፣ በጅቡቲ በረሃ ለሰፈሩት ለፈረንሳይ የውጭ አገር ዜጎች ጦር፣ ሌዥዮን ለሚባሉት ወታደሮች ሰጡት።

ጋሉፕ የተባለው የበታች ሹም፣ ሳንታን የተባለውን ወጣት ወታደር አለቃቸው ስላመሰገነው ቅንዓት ያድርበታል። በቅንዓቱም ተነሥቶ፣ የማይሠራ ኮምፓስ አስይዞ በበረሃ ይጥለዋል። ከዚህ በቀር በፊልሙ ውስጥ የሚነገር ነገር ጥቂት ነው። ወታደሮቹ ልብሳቸውን ያጥባሉ፣ ይተኩሳሉ፣ በፀሐይ ላይ ልምምድ ያደርጋሉ፤ ልምምዳቸውም ቀስ በቀስ ወደ ጭፈራ ይለወጣል። ከባሕር ወለል 155 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የሚገኘው የአሳል ሐይቅ ነጭ ጨው፣ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይና ሰማያዊው ባሕር ያለ ቃል ይናገራሉ።

ይህ ፊልም በ2012ቱ የ«ሳይት ኤንድ ሳውንድ» ምርጫ 78ኛ ነበር። በ2022 ግን 7ኛ ሆነ። በ2020 ታድሶ በአዲስ ቅጂ ስለ ወጣ ብዙ ሰው አይቶታል፤ የመራጮቹም ጉባኤ ሰፍቶ ነበር። እንግዲህ በጅቡቲ ምድር የተሠራ ፊልም፣ የዓለም ሐያስያን ከቈጠሯቸው ከሰባቱ ታላላቆች አንዱ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ስለ ማኅተሙ ጥያቄ ቢነሣም፣ ካሜራውን የያዙት አኜስ ጎዳር፣ የወታደሮቹን እንቅስቃሴ ያስተካከሉት የጭፈራ ሊቅ ቤርናርዶ ሞንቴና የጋሉፕን ቦታ የተጫወቱት ደኒ ላቫን ከዚህ ክብር ድርሻ አላቸው። ከተዋንያኑም መካከል የጋሉፕን ወዳጅ የተጫወተችው ወጣት ማርታ ታፈሰ ካሣ ትባላለች፤ ስሟን የሰማ ኢትዮጵያዊ፣ የባቡሩ ሐዲድ ሁለቱን አገሮች ያስተሳሰረበትን ረጅም ዘመን ያስታውሳል።

ስለዚህ ፊልም ሁለት ወገን ክርክር ሊነሣ ይችላል። አንደኛው ወገን፣ ከተማይቱ ለባዕዳን ወታደሮች ሐዘን መድረክ ብቻ ሆናለች፤ የአገሬው ሰው ያያል፣ ይጨፍራል፣ ይሸጣል እንጂ ስለ ራሱ አይናገርም ይላል። ይህ ነቀፌታ እውነትነት አለው። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ ፊልሙ የሚያሳየው ጅቡቲ በሰኔ 1977 ነጻነቷን ካገኘች በኋላ፣ የሚዋጉት ጠላት ሳይኖራቸው በሰው አገር የሚለማመዱትን ወታደሮች ከንቱነት ነው ይላል። በመንገድ ዳር ቆመው የሚመለከቷቸው ሴቶች ዓይን ፍርድ አለበት። በጨው ላይ የወደቀውን ሳንታንን ያነሡትም የአገሩ ተወላጆች እንጂ የጦር ጓደኞቹ አይደሉም። ይህም እውነት ነው። ሁለቱን እውነቶች አንድ ላይ የያዘ ፊልም ታላቅ መሆኑን መካድ አይቻልም፤ ነገር ግን የጅቡቲ ነገር በዚህ ፊልም ተነግሮ አለቀ ማለትም አይቻልም።

የጅቡቲ ተወላጅ የሆኑት ሉላ አሊ ኢስማኢል በ2017 «ዳሊንያሮ» የተባለውን ፊልም አዘጋጁ፤ ቃሉ በሱማልኛ «ወጣትነት» ማለት ነው። ከአገራቸው ሴቶች መካከል ረጅም ፊልም በማዘጋጀት የመጀመሪያዋ መሆናቸው ይነገርላቸዋል። ታሪኩ የሦስት ሴት ተማሮች፣ የደካ፣ የአስማና የሂቦ ነው። አንዷ ከባለጸጋ ቤት፣ አንዷ ከድሀ ቤት፣ አንዷም ከመካከለኛ ቤት የመጡ ሲሆኑ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን መጨረሻ ፈተና በሚጠብቁበት ዓመት፣ ወደ ፈረንሳይ ልሂድ ወይስ በአገሬ ልማር የሚል ጥያቄ ከፊታቸው ተደቅኗል። በዚህ ፊልም ከተማይቱ መድረክ አይደለችም፤ ቤት ናት። በ«ቦ ትራቫይ» ዝም ብለው የሚያዩት ሴቶች እዚህ ይናገራሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፣ ስለ ነገም ያስባሉ። ማናቸውም የመጨረሻ ክፍል መምህር፣ ተማሮቹ በልባቸው ይዘውት የሚገቡትን ጭንቀት በዚህ ፊልም ያገኘዋል።

ሦስተኛው ፊልም በ2021 የታየው «የመቃብር ቈፋሪው ሚስት» ነው። አዘጋጁ ኻድር አይደሩስ አሕመድ በመቋድሾ ተወልደው በፊንላንድ ያደጉ ናቸው፤ ፊልሙን ግን የሠሩት በጅቡቲ ከተማ ነው። ጉሌድ የተባለው ድሀ ሰው ከጓደኞቹ ጋር አካፋውን ይዞ በሐኪም ቤት ደጅ ይቆማል፤ ሰው ሲሞት መቃብር ቈፍሮ የዕለት ምግቡን ያገኛልና። ኋላ የገዛ ሚስቱ ናስራ በኩላሊት ሕመም ስትወድቅ፣ ለሕክምናዋ ከአቅሙ በላይ የሆነ ገንዘብ ይጠየቃል። በሰው ሞት የሚኖረው ሰው፣ የሚወዳትን ከሞት ለማዳን ወደ ትውልድ መንደሩ በእግሩ ይጓዛል። ነገሩ የከፋ ድህነት ቢሆንም፣ አዘጋጁ ባልና ሚስቱን እንዲያሳዝኑ ብቻ አላደረጓቸውም፤ ሲሣሣቁና ሲዋደዱ እናያቸዋለን። ይህ ፊልም በዚያው በ2021 በዋጋዱጉ ከተማ በሚደረገው የአፍሪቃ ፊልም በዓል፣ ፌስፓኮ በሚባለው፣ የዬኔንጋ የወርቅ ድንጉላ የሚባለውን ታላቁን ሽልማት አገኘ።

እዚህ ላይ ሌላ ሚዛን መኖሩ ይታያል። ፌስፓኮ በ1969 የተመሠረተ ሲሆን፣ ያንኑ የወርቅ ድንጉላ በ2009 የተሸለሙት በ1946 በጎንደር የተወለዱት ኃይሌ ገሪማ ናቸው፤ ያሸለማቸውም «ጤዛ» ነው። «ጤዛ» ባለፈው ዓመት፣ በ2008፣ በቬኒስ የዳኞቹን ልዩ ሽልማትና የድርሰት ሽልማት አግኝቶ ነበር። ነገር ግን በ2022ቱ የመቶ ፊልሞች ዝርዝር ውስጥ «ጤዛ»ም ሆነ በ1976 የወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የለም፤ «ዳሊንያሮ»ና «የመቃብር ቈፋሪው ሚስት»ም የሉም። ከጥቁር አፍሪቃ አዘጋጆች በዝርዝሩ የገቡት የሴኔጋሎቹ ኡስማን ሴምቤንና ጂብሪል ዲዮፕ ማምቤቲ ናቸው።

የዚህ ምክንያት ምንድን ነው? የአውሮፓ ዳኞች በክፋት ተነሥተው አፍሪቃን ከሚዛን አወጡ ብሎ መደምደም ቀላል ነው፤ ግን ትክክለኛው መልስ ከዚህ ይልቅ ተራ ነገር ነው። «ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይባላል። ዳኛ ያላየውን ፊልም ሊመርጥ አይችልም። ፊልም ይታይ ዘንድ ቅጂው መጠበቅ፣ መታደስ፣ በልዩ ልዩ ቋንቋ የግርጌ ትርጕም ማግኘት፣ በየአዳራሹና በየትምህርት ቤቱ መዞር አለበት። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» አሜሪካዊው አዘጋጅ ማርቲን ስኮርሴዜ ባቋቋሙት የጥበቃ ሥራ አማካይነት ስለ ታደሰ፣ አዲስ ትውልድ ሊያየው ችሏል። «ቦ ትራቫይ»ም ከ78ኛ ወደ 7ኛ የወጣው አዲስ ቅጂ አግኝቶ ከታየ በኋላ ነው። የአፍሪቃ ፊልሞች ደረጃ የሚወሰነው ሐያስያኑ ብዕራቸውን ከማንሣታቸው በፊት፣ የፊልም ጥቅሎች በሚቀመጡባቸው መጋዘኖች ውስጥ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህ ሲባል ግን ደረጃ ሁሉ ከንቱ ነው፣ ፊልም ሁሉ እኩል ነው ለማለት አይደለም። በችኮላ የተሠራ ፊልም አለ፤ የሰውን ጠባይ ያላስተዋለ፣ ያለ ምክንያት የሚጮኽም አለ። መልካሙን ከመጥፎው የማይለይ ተመልካች፣ ስንዴን ከእንክርዳድ የማይለይ ገበሬን ይመስላል። ነገር ግን ሦስቱን የጅቡቲ ፊልሞች አጠገብ ላጠገብ አስቀምጦ የተመለከተ ሰው፣ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ከማለት የሚሻል ፍርድ ያገኛል። ክሌር ደኒ ከውጭ የመጣውን ሰው ባዶነት እንደ እርሳቸው ማንም አላሳየውም። ሉላ አሊ ኢስማኢል በዚያችው ከተማ የሚኖረውን ሰው ተስፋ ሲያሳዩ፣ ክሌር ደኒ ሊገቡበት ያልቻሉትን ቤት ከፈቱ። ኻድር አይደሩስ ደግሞ ሁለቱም ያላተኰሩበትን፣ በድህነት ያልተሸነፈውን የጋብቻ ፍቅር አገኙ። አንዷን ከተማ ሙሉ አድርጎ ለማየት ሦስቱም ያስፈልጋሉ፤ ከሦስቱ አንዱን ብቻ የያዘ ዝርዝር ለፊልሙ ቢያደላለትም፣ ለከተማይቱ ግን ጎዶሎ ነው።

ስለዚህ በአንድ አዘጋጅ ታላቅነት ላይ የሚፈርድ ሰው ሦስት ነገር ሊጠይቅ ይገባዋል። አዘጋጁ ከእርሱ በፊት ያልታየ ምን ነገር እንዲታይ አደረገ? በፊልሙ ውስጥ ያሉት ሰዎች ሙሉ ሰዎች ናቸው ወይስ ለሌላው ታሪክ ማጀቢያ? ፈራጁስ ራሱ ምን ያህል አይቷል? የመጀመሪያው ጥያቄ ጥበቡን ይመዝናል፤ ሁለተኛው ቅንነቱን ይመዝናል፤ ሦስተኛው ዳኛውን ይመዝናል። እስከ ዛሬ የተደረጉት ምርጫዎች በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ብዙ የደከሙ ሲሆኑ፣ ሦስተኛውን ራሳቸውን ለመጠየቅ ግን ዘግይተዋል።

ኡስማን ሴምቤን ሲኒማን የሕዝብ የማታ ትምህርት ቤት አድርገው ይመለከቱት ነበር፤ ፊደል ያልቆጠረውም ሰው ገብቶ ይማርበታልና። ትምህርት ቤት ከሆነ ደግሞ የመምህራን ጉዳይ ነው። «ታላቁ አዘጋጅ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ በክፍል ውስጥ ቢነሣ፣ ተማሮቹ በውጭ አገር መጽሔት የታተመውን ስም በቃላቸው እንዲያጠኑ ሊደረግ አይገባም፤ ሁለት ፊልም አይተው፣ አነጻጽረው፣ ለፍርዳቸው ምክንያት እንዲሰጡ ሊደረግ ይገባል። ከሚነጻጸሩትም አንዱ የጎረቤት ወይም የገዛ አገራቸው ሥራ ይሁን። ምክንያቱን መናገር የቻለ ተማሪ፣ የመረጠው ማንንም ይሁን ማንን፣ ትምህርቱን አግኝቷል። የ2032 ዳኞችም ዛሬ በየክፍሉ የተቀመጡት ልጆች ናቸውና፣ የሚመጣው ዝርዝር የሰፋና የተስተካከለ እንዲሆን የሚሻ ሁሉ ሥራውን ከእነርሱ ይጀምር።